ሙቀት፣ ብርድና የፕሮሰሰር ዕድሜ በእንጦጦ ግርጌ

የኮምፒውተር ፕሮሰሰር የሚሽከረከርም ሆነ የሚፋተግ አካል የለውም፤ እንዲያም ሆኖ ያረጃል። የጥፍር ስፋት ባላት የሲሊከን ቁራጭ ላይ በቢሊዮን የሚቆጠሩ ትራንዚስተሮች ተደርድረዋል፤ እነሱን የሚያገናኙት የመዳብ መስመሮችም ከሰው ፀጉር በሺህ እጥፍ የቀጠኑ ናቸው። በመስመሮቹ ውስጥ ዓመት ከዓመት ጅረት ሲያልፍ፣ ሙቀቱ ሲወጣና ሲወርድ፣ ቁሱ ራሱ ቀስ በቀስ ይለወጣል። ስለዚህ አንድ ፕሮሰሰር ስንት ዓመት እንደሚያገለግል የሚወስነው በምን ያህል ሙቀት፣ በምን ያህል ቮልቴጅና በስንት ጊዜ የሙቀትና የቅዝቃዜ መፈራረቅ ውስጥ እንደሠራ ነው። በሰሜን አዲስ አበባ፣ በጉለሌ ክፍለ ከተማ ለሚሠራ ኮምፒውተር ደግሞ የከፍታው ስስ አየርና የመብራት መቆራረጥ በእነዚህ ላይ ይታከላሉ።

ሙቀት ከሚያፋጥናቸው ጉዳቶች በደንብ የተጠናው የብረት አተሞች መሰደድ ነው፤ በሙያው አጠራር ኤሌክትሮማይግሬሽን ይባላል። በቀጭኑ መስመር ውስጥ የሚጎርፉት ኤሌክትሮኖች የብረቱን አተሞች እየገፉ ጥቂት በጥቂት ከቦታቸው ያንቀሳቅሷቸዋል። አተሞቹ የለቀቁት ቦታ እየሳሳ ሄዶ በመጨረሻ ይበጠሳል፤ የተከማቹበት ደግሞ እያበጠ ከጎረቤት መስመር ጋር ይነካካል። የሞቶሮላው መሐንዲስ ጄምስ ብላክ እ.ኤ.አ. በ1969 ይህን በቀመር አስቀመጠው። በቀመሩ መሠረት በመስመሩ ውስጥ የሚታመቀው ጅረት በጨመረ ቁጥር የመስመሩ ዕድሜ ያጥራል፤ ሙቀት ሲጨመርበት ደግሞ ይብስበታል። የሙቀቱ ድርሻ ስዊድናዊው ኬሚስት ስቫንቴ አሬኒየስ እ.ኤ.አ. በ1889 ስለ ኬሚካላዊ ለውጦች ፍጥነት ካቀረበው ሕግ የተወሰደ ነው። ፕሮሰሰር በአብዛኛው በሚሠራበት የሙቀት መጠን አካባቢ 10 ዲግሪ ሴልሺየስ መጨመር የዚህን እርጅና ፍጥነት ወደ እጥፍ ያስጠጋዋል። በዚህ ስሌት 85 ዲግሪ ላይ የሚውል ቺፕ 65 ዲግሪ ላይ ከሚውለው በአራት እጥፍ ገደማ ፈጥኖ ያረጃል ማለት ነው።

ትራንዚስተሩ ራሱም አይቀርለትም። ጅረቱን የሚከፍተውንና የሚዘጋውን ክፍል ከታች ካለው ሲሊከን የሚለይ፣ ውፍረቱ በናኖ ሜትር የሚለካ መከላከያ ንጣፍ አለ። ቮልቴጁ ከፍ ሲልና ቺፑ ሲሞቅ በንጣፉ ውስጥ ጥቃቅን ጉድለቶች ይፈጠራሉ፤ ጉድለቱ እየበዛ ሲሄድ ትራንዚስተሩ ይዘገያል፣ ድሮ ይበቃው የነበረው ቮልቴጅም አይበቃውም። እዚህ ላይ አንድ ደስ የሚያሰኝ ነገር አለ፦ ቮልቴጁ ሲነሳለት ከጉዳቱ ከፊሉ ይሽራል። ለፕሮሰሰር እረፍት ትርጉም አለው፤ ኃይል መቆጠቢያዎቹ ጋ ሲደረስ ይህ ነጥብ ይጠቅማል።

አምራቾች ይህን ሁሉ አስበው ነው ገደብ የሚያበጁት። ብዙዎቹ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች 100 ዲግሪ ገደማ፣ በርከት ያሉ የኤኤምዲ ምርቶች ደግሞ 95 ዲግሪ ሲደርሱ ፍጥነታቸውን በራሳቸው ይቀንሳሉ፤ ሙቀቱ በዚያም ካልተገታ ኮምፒውተሩ ይጠፋል። በዚህ ጥበቃ ምክንያት በሙቀት ብዛት ድንገት የሚቃጠል ፕሮሰሰር ዛሬ እምብዛም አይገኝም። ኮምፒውተር ሞተ ሲባል ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የፓወር ሰፕላዩ፣ የማዘርቦርዱ ወይም የማራገቢያው ነው። ገደቡ ላይ እየደረሰ ዓመታት የሚቆይ ፕሮሰሰር ግን በሕይወት ቢኖርም እያዘገመ የሚኖር፣ የተገዛበትን ፍጥነት የማይሰጥ መሣሪያ ይሆናል፤ በዙሪያው ያሉትንም ዕቃዎች አብሮ ያስረጃል።

አዲስ አበባ በቀዝቃዛ አየሯ ለኮምፒውተር የተመቸች ትመስላለች። ነገሩ ግን ከፊል እውነት ነው። የከተማዋ አማካይ ከፍታ ከባሕር ጠለል በላይ 2,355 ሜትር ያህል ሲሆን ጉለሌ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው አቀበት ላይ ስለተዘረጋች ከዚያም ትበልጣለች፤ ሽሮ ሜዳ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። በዚህ ከፍታ የአየሩ እፍጋት ከባሕር ዳርቻው አየር በሩብ ያህል ያንሳል። የፕሮሰሰሩ ማራገቢያ በደቂቃ የሚዞረው ያው ነው፣ የሚገፋው የአየር ስፋትም ያው ነው፤ በዚያ ስፋት ውስጥ ግን ሙቀት ተሸክሞ የሚወጣው አየር ጥቂት ነው። በባሕር ዳርቻ ከክፍሉ አየር በ50 ዲግሪ የሚበልጥ ሙቀት ላይ የሚረጋ ፕሮሰሰር ሽሮ ሜዳ ሲመጣ በ60 ዲግሪ ገደማ ሊበልጥ ይችላል።

እንግዲህ ብርዱና የአየሩ ስስነት ይካካሳሉ ወይ? በአብዛኛው አዎ፤ እንዲያውም ብርዱ ያሸንፋል። በአፋር ሰመራ በበጋው ሐሩር ክፍሉ 42 ዲግሪ ቢሆን ያው ፕሮሰሰር ወደ 93 ወይም 94 ዲግሪ ይወጣል። በጉለሌ 20 ዲግሪ በሆነ ክፍል ውስጥ ግን ስስ አየሩ ተጨምሮበትም 80 አካባቢ ይቆማል። የጉለሌ ተጠቃሚ ከቆላው የተሻለ ዕድል አለው፤ ነገር ግን የቴርሞሜትሩ ቁጥር የሚያስመስለውን ያህል አይደለም።

የሰርቨር ክፍል የሚያዘጋጁ ባለሙያዎች ይህን በቁጥር ይሠሩታል። በዘርፉ በሰፊው የሚሠራበት የአሽሬ መመሪያ ለተለመዱ ሰርቨሮች ከሚፈቅደው ከፍተኛ የክፍል ሙቀት ላይ፣ ከ900 ሜትር በላይ ባለው በእያንዳንዱ 300 ሜትር አንድ ዲግሪ ይቀንሳል። በባሕር ጠለል እስከ 35 ዲግሪ የተፈቀደለት ሰርቨር በሽሮ ሜዳ ከፍታ 30 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይገደባል። ብዙ የኮምፒውተር አምራቾች ደግሞ ምርታቸው ሲሠራ ሊቀመጥ የሚችልበትን ከፍተኛ ቦታ 3,048 ሜትር ወይም 10 ሺህ ጫማ ብለው ይጽፋሉ። ሁለት ባለ አንድ ሜትር ቴሌስኮፖች ያሉት የእንጦጦ ኦብዘርቫቶሪ 3,200 ሜትር ገደማ ላይ የተሠራ ስለሆነ ከዚህ መስመር በላይ ነው። በዚያ ከፍታ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክም ችግር አለበት፤ ማንበቢያ ጭንቅላቱ ከዲስኩ ገጽ ከፍ ብሎ የሚንሳፈፈው በአየር ትራስ ላይ ነውና። የማይሽከረከረው ኤስኤስዲ እዚያ የተሻለ ምርጫ ነው።

ስስ አየር ላይ አቧራ ሲጨመር ነገሩ ይከፋል። ሽሮ ሜዳ የሸማኔዎችና የሀገር ባህል ልብስ ገበያ ነው፤ ጥጥ በሚፈተልበት፣ ሸማ በሚሠራበትና በሚቆረጥበት ቦታ አየሩ ውስጥ ጥቃቅን የጥጥ ጭረት አለ። ማራገቢያው ጭረቱን ከበጋው አቧራ ጋር ይስበውና ሙቀት በሚያስወጣው ብረት፣ በሂትሲንኩ ክንፎች መካከል ይሰካዋል። ዓመት ሁለት ዓመት ሳይከፈት የቆየ ላፕቶፕ ሲፈታ ማራገቢያው ከሂትሲንኩ በሚገናኝበት አፍ ላይ የተደፈጠጠ ግራጫ ጨርቅ የመሰለ ንጣፍ ይገኛል። በጣት ሲይዙት ሳይበተን በአንድነት ይወጣል። ከማራገቢያው ጀርባ ስለሚደበቅ ከውጭ በመጥረግ አይደረስበትም። ከሥሩ ደግሞ ፕሮሰሰሩንና ሂትሲንኩን የሚያገናኘው ቴርማል ፔስት ደርቆና ተሰነጣጥቆ ይታያል። ያንን ንጣፍ ማንሳትና ፔስቱን መቀየር ፕሮሰሰሩን በአሥርና ከዚያ በላይ ዲግሪ ሊያቀዘቅዘው ይችላል፤ ከላይ በተጠቀሰው ስሌት ይህ የእርጅናውን ፍጥነት በግማሽ እንደ መቀነስ ነው። ለአንድ ኮምፒውተር ዕድሜ ከዚህ የሚበልጥ ውለታ በዚህ ዋጋ አይገኝም።

እስካሁን የተነሳው ረግቶ የሚቆይ ሙቀት ነው። መሞቅና መቀዝቀዝ ሲፈራረቁ የሚመጣው ጉዳት ሌላ ዓይነት ነው። ሲሊከን በአንድ ዲግሪ ሙቀት ከሚሊዮን ሦስት እጅ ያህል ብቻ ይሰፋል፤ ቺፑ የተቀመጠበት ሰሌዳ ግን ከሚሊዮን 15 እጅ አካባቢ ይሰፋል። 15 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ቺፕ በ60 ዲግሪ ሲሞቅ በሁለቱ መካከል 10 ማይክሮን ያህል ልዩነት ይፈጠራል። ልዩነቱን ችለው የሚይዙት በመካከላቸው ያሉት ጥቃቅን የብየዳ ነጠብጣቦች ናቸው። ሲሞቁ ወደ አንድ ጎን፣ ሲቀዘቅዙ ወደ ሌላው ይጎተታሉ፤ ሽቦ ወዲያና ወዲህ ሲታጠፍ ውሎ አድሮ እንደሚሰበረው እነሱም ይሰነጠቃሉ። የዚህ ድካም ቀመር እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የወጣው፣ በተመራማሪዎቹ በኮፊንና በማንሰን ስም የሚጠራው ነው፤ ቁም ነገሩም ከለውጡ ብዛት ይልቅ የለውጡ ስፋት መጉዳቱ ነው። ለብየዳ በተለመደው ስሌት የሙቀቱ ውጣ ውረድ በግማሽ ሲቀንስ የሚያደርሰው ጉዳት ወደ ሩብ ይወርዳል።

ዓለም ይህን በውድ ዋጋ ተምሯል። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2007 የኤክስቦክስ 360 ጨዋታ መሣሪያዎችን ዋስትና ወደ ሦስት ዓመት ሲያራዝም ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ ወጪ መዘገበ። ኩባንያው በ2021 ባወጣው ዘጋቢ ፊልም ባለሙያዎቹ እንዳብራሩት መሣሪያው በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር በሚመጣው የሙቀት ለውጥ በቺፑ ማሸጊያ ውስጥ ያሉ ማገናኛዎች ይሰበሩ ነበር። ኤንቪዲያም በ2008 የላፕቶፕ ቺፖቹ ማሸጊያ ደካማ ሆኖ በመገኘቱ ከ150 እስከ 200 ሚሊዮን ዶላር ለጥገናና ለምትክ መደበ። በሁለቱም ሲሊከኑ ደህና ነበር፤ የተረታው ሲሊከኑን የያዘው ነገር ነው።

የኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ ሳተላይት የዚህን ፈተና ጫፍ ታሳያለች። 70 ኪሎ ግራም ገደማ የምትመዝነው ኢቲአርኤስኤስ-1 ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና ታይዩዋን ተወነጨፈች፤ መረጃዋን ይቀበል የነበረው የምድር ጣቢያም በእንጦጦ ነው። ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስትዞር አንዱን ዙር ለመጨረስ አንድ ሰዓት ተኩል ጥቂት ፈቀቅ ያለ ጊዜ ይወስድባታል፤ በየዙሩም ከፀሐይ ወደ ምድር ጥላ፣ ከጥላ ወደ ፀሐይ ትሸጋገራለች። በቀን ከ14 ጊዜ በላይ፣ ለታሰበላት የሁለት ዓመት አገልግሎት ደግሞ ከ10 ሺህ ጊዜ በላይ ማለት ነው። በቀን ሁለቴ የሚከፈትና የሚዘጋ የቢሮ ኮምፒውተር ያንን ቁጥር ለመድረስ ወደ 14 ዓመት ይፈጅበታል። ጠፈር ላይ ማራገቢያ የሚገፋው አየርም የለም፤ ሙቀት የሚወጣው በብረቱ ተላልፎ ከአካሏ በመፍለቅ ብቻ ነው። የሳተላይት ኮምፒውተሮች ፍጥነትን ትተው ጽናትን የሚመርጡበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ከእንጦጦ በታች ያለው ኮምፒውተር የራሱ ውጣ ውረድ አለው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ወርዶ ቀኑ ከ20 በላይ ይወጣል፤ ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ቤት ደግሞ የውጩን ብርድ ፈጥኖ ይቀበላል። ጠዋት 12 ዲግሪ ላይ ሆኖ የተከፈተ ፕሮሰሰር ሥራ ሲበዛበት በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ከ70 ዲግሪ በላይ ሊደርስ ይችላል። በዚህ ላይ መብራት ሲሄድና ሲመጣ እያንዳንዱ መሄድና መምጣት አንድ ሰፊ የመቀዝቀዝና የመሞቅ ዙር ይሆናል። በግንቦት 2011 ዓ.ም. የግልገል ጊቤ 3 ግድብ ውሃ በመቀነሱ ኃይል በፈረቃ ሲከፋፈል እንደነበረው ያለ ጊዜ ዙሩን ያበዛዋል። ይሁንና መጥፎው ነገር መቀዝቀዙ ብቻ አይደለም። መብራቱ ሲመለስ የሚመጣው ያልተረጋጋ ቮልቴጅ ከሁሉ በፊት ፓወር ሰፕላዩን፣ ከዚያም ለፕሮሰሰሩ ቮልቴጅ የሚያመቻቹትን የማዘርቦርድ ክፍሎች ያገኛል። ለጥገና የሚመጡ ኮምፒውተሮች ላይ ያበጡ ካፓሲተሮች የሚታዩት በከንቱ አይደለም፤ ለእነሱም 10 ዲግሪ ሙቀት ዕድሜያቸውን በግማሽ የሚያሳጥር መለኪያ ነው።

የኃይል መቆጠቢያ ዘዴዎች ወደ ፕሮሰሰር የገቡት ለባትሪ ሲባል ነው። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በጥር 2000 ስፒድስቴፕ የተባለውን ዘዴ በላፕቶፕ ፔንቲየም 3 ላይ አወጣ፤ ፕሮሰሰሩ ሶኬት ላይ ሲሆን በ650 ሜጋኸርዝና በ1.6 ቮልት፣ በባትሪ ሲሆን ደግሞ በ500 ሜጋኸርዝና በ1.35 ቮልት ይሠራ ነበር። ትራንዚስተሮች ሲከፈቱና ሲዘጉ የሚፈጁት ኃይል ከፍጥነቱ ጋርና ከቮልቴጁ ካሬ ጋር አብሮ ያድጋል፤ ስለዚህ ፍጥነቱ ከሩብ ባነሰ ሲቀንስ የኃይሉ ፍጆታ በ45 በመቶ ገደማ ወረደ። ኤኤምዲም በዚያው ዓመት ፓወርናውን፣ በ2003 ደግሞ ለዴስክቶፕ ኩልኤንድኳየትን አመጣ። ከኅዳር 2008ቱ ኮር አይ7 ወዲህ ሥራ የሌለው ኮር፣ ማለትም የፕሮሰሰሩ የማስሊያ ክፍል፣ ቮልቴጁ ጨርሶ ይቋረጥበታል። ተጠቃሚው አንድ ፊደል ተይቦ ሌላውን እስኪነካ ባለው ጊዜ እንኳ ፕሮሰሰሩ ብዙ ጊዜ ያሸልባል፣ ይነቃል።

ከዚህ የሚነሳ ሥጋት አለ፦ በሰከንድ ብዙ ጊዜ መንቃትና ማሸለብ ቺፑን አያደክመውም ወይ? ሥጋቱ ከብየዳው ድካም አንጻር ሲታይ ምክንያት ያለው ይመስላል፤ ሲመረመር ግን አይጸናም። በሚሊሰከንድ የሚመጣው የሙቀት ለውጥ በሲሊከኑ ቁራጭ ውስጥ ይቀራል፤ ከሥሩ ያለው ብየዳና ሰሌዳ ለመሞቅም ለመቀዝቀዝም ጊዜ ስለሚፈልጉ የሚደርሳቸው አማካዩ ነው። ለውጡም ጠባብ ነው። በ40 እና በ70 ዲግሪ መካከል የሚመላለስ ቺፕ በዙር የሚደርስበት ጉዳት ከ12 ወደ 72 ከሚዘለው በአራት እጥፍ ያነሰ ነው፤ ከአሥር ዲግሪ በታች ያሉ ለውጦች ደግሞ ብየዳውን ዘርግተው ወደ ቦታው ከመመለስ በቀር የሚያደርሱት ጉዳት ኢምንት ነው። በሌላ በኩል በእረፍቱ ጊዜ አተሞችን የሚገፋው ጅረት ይቆማል፣ ቮልቴጁ ይነሳል፣ የመከላከያ ንጣፉም ከፊል ይሽራል። ሚዛኑ ግልጽ ነው፦ ፕሮሰሰሩን ይጎዳል ብሎ ኃይል መቆጠቢያውን ማጥፋት ዕድሜውን ያሳጥራል እንጂ አያረዝምም።

ይህ ግን መቆጣጠሪያው በትክክል እስከተሠራ ድረስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የኢንቴል 13ኛና 14ኛ ትውልድ የዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮች ያለ ምክንያት ፕሮግራም ማቋረጥ አመጡ። ኩባንያው እንደገለጸው በኮሩ ውስጥ የሰዓት ምቱን የሚያከፋፍለው ዑደት በከፍተኛ ቮልቴጅና ሙቀት ያረጅ ነበር። ከምክንያቶቹ አንዱ ፕሮሰሰሩ ሥራ በፈታበት ወይም በቀለለበት ሰዓት፣ ቮልቴጅ ዝቅ ማለት ሲገባው፣ መቆጣጠሪያው ከፍ ያለ ቮልቴጅ መጠየቁ ነው። አንድ ኮር ብቻውን ሲነቃ ወደ ከፍተኛው ፍጥነት ይዘላልና ቮልቴጁም አብሮ ይዘላል። ኢንቴል ማስተካከያውን በባዮስ ማሻሻያ አወጣ፣ ዋስትናውንም በሁለት ዓመት አራዘመ። ማሻሻያው ወደፊት የሚመጣውን እርጅና ያግዳል፤ የደረሰውን ግን አይመልስም። እነዚህን ፕሮሰሰሮች የያዘ ያገለገለ ኮምፒውተር የሚገዛ ሰው ባዮሱ መታደሱን ማየት አለበት።

በጉለሌ ሁኔታ የሚጠቅመው አሠራር ከዚህ ይከተላል። የዊንዶውስ የኃይል ምርጫ ባላንስድ ላይ ይቀመጥ፤ ሃይ ፐርፎርማንስ የሚባለው ፕሮሰሰሩን ሥራ ሳይኖር በከፍተኛ ፍጥነት ሊያቆየው ይችላል። ላፕቶፑ ያለ ልክ የሚሞቅ ከሆነ የፕሮሰሰሩን ከፍተኛ መጠን ከ100 ወደ 99 በመቶ ማውረድ በብዙ የኢንቴል ላፕቶፖች ላይ ፍጥነቱን ከመደበኛው በላይ የሚያስወጣውን ቱርቦ ያጠፋዋል፤ ለጽሑፍና ለኢንተርኔት ሥራ የፍጥነቱ መቀነስ እምብዛም አይታወቅም፣ ሙቀቱ ግን በግልጽ ይወርዳል። ለምሳ የሚወጣ ሰው ኮምፒውተሩን ከማጥፋት በስሊፕ ቢተወው ይሻላል። ሌሊቱን ግን መዝጋት ወይም ሃይበርኔት ማድረግ ይመረጣል፤ በቀን አንድ ዙር የሚያመጣው ድካም ትንሽ ነው፣ ሌሊት በሚመላለስ መብራት ከሚመጣው ጉዳት ጋርም አይወዳደርም። ዴስክቶፕ በስሊፕ ላይ እያለ መብራት ቢሄድ ሜሞሪው ላይ ያለው ሥራ ይጠፋል፤ ሃይበርኔት ግን ሥራውን ዲስክ ላይ ጽፎ ስለሚያስቀምጥ ከዚህ ይድናል። ዩፒኤስ ያለው ሰው መብራት እንደሄደ ሥራውን አስቀምጦ በወጉ ይዘጋል፤ መብራት ሲመለስም ቮልቴጁ እስኪረጋጋ ጥቂት ደቂቃ መጠበቅ ይገባል። በክረምት ደግሞ ከብርድ ወደ ሞቀ ክፍል የገባ ላፕቶፕ ላዩ ላይ ጤዛ ሊቋጥር ስለሚችል ከመከፈቱ በፊት ግማሽ ሰዓት ያህል የክፍሉን ሙቀት ይልመድ።